«የእኛን ባቄላ ብቻ ለምን?» ተማሪ የምክንያትና ውጤት ድርሰት ርዕስ ሲመርጥ

(ለቋንቋ መምህራን በተዘጋጀ የልምድ ልውውጥ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቤታችሁ የሚታጠብ ልብስ አለ፣ የሚጠብቃችሁ ልጅ አለ፣ የሚታረም የወረቀት ክምር አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ እዚህ ተገኝታችኋልና አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹንም እግዜር ይስጥልኝ።

«ስለ ድርሰት ርዕስ አውራልን» ተባልኩ። በተለይ ስለ ምክንያትና ውጤት ድርሰት። 26 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚያው ክፍል የወጣ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው ለምን የማይሆን ርዕስ ይመርጣል? ሁለተኛ፣ ጥሩ ርዕስ የት ይገኛል? ሦስተኛ፣ የተገኘው ርዕስ ድርሰት ይወጣው እንደሆነ በምን እንፈትሻለን? በየመሃሉ ታሪክ እነግራችኋለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ። እስቲ እጅ አውጡልኝ። «የአካባቢ ብክለት መንስኤና ውጤት» የሚል ድርሰት አርማችሁ የማታውቁ አላችሁ? የለም። «የሱስ መንስኤና ውጤት»ስ? «የስደት መንስኤና ውጤት»ስ? «የትራፊክ አደጋ»ስ? አያችሁ! ከየትኛውም ትምህርት ቤት እንምጣ፣ ያረምነው ድርሰት አንድ ነው። መግቢያው «በአሁኑ ጊዜ በዓለማችን ላይ» ብሎ ይጀምራል። መደምደሚያው «ስለዚህ ሁላችንም የበኩላችንን ድርሻ እንወጣ» ይላል። መሃሉ ላይ ሦስት መንስኤ፣ ሦስት ውጤት። ስሙን ሸፍናችሁ ብታነቡት የማን እንደሆነ አታውቁም።

ልጆቹ ሰንፈው ነው? እኔ እንደዚያ አላምንም። እነዚህን ርዕሶች የሰጠናቸው እኛ ነን። እኔ ራሴ ለዓመታት እንዲህ ነበር የማደርገው። ክፍል እገባለሁ፣ ጠመኔ አነሳለሁ፣ ከአሮጌ ደብተሬ ላይ 20 ርዕስ ሰሌዳው ላይ እገለብጣለሁ። «አንዱን ምረጡ» እላለሁ። ተማሪውም ይመርጣል። ግን ምኑን ነው የሚመርጠው? የሚያውቀውን ነገር አይደለም። የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚመርጠው። ይህን ልብ በሉልኝ። የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ነው! ስለ ብክለት ከሬዲዮ የሰማው አለ። ከሥነ ዜጋ ደብተሩ ላይ ያጠናው አለ። ስለዚህ እጁ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

በእንግሊዝኛ ሲሆን ይብሳል። ልጁ በቋንቋው ያለው ቃል ትንሽ ነው። ርዕስ የሚመርጠው በሐሳቡ ሳይሆን በቃሉ ልክ ነው። «ፖሉሽን» የሚለውን ቃል ያውቃል፣ ስለዚህ ስለ ፖሉሽን ይጽፋል። እናቱ ጠላ ጠምቃ እንደምታሳድገው፣ ዘንድሮ ጌሾ ተወዶ ቤታቸው ምን እንደሆነ ቢያውቅም ጌሾ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ይጽፋል። እባካችሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ርዕሱን አፉን በፈታበት ቋንቋ ይምረጠው። በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ ይሁን፣ መጀመሪያ ያውራው። ቃሉ በኋላ ይፈለጋል። ለጌሾ ቃል ከጠፋ «ጌሾ» ብሎ ይጻፈውና ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ቴሌግራም ላይ የተዘጋጀ ድርሰት ሞልቷል። ብዙዎቻችሁ በዚህ እንደምትበሳጩ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። «የአካባቢ ብክለት መንስኤና ውጤት» ብለን ስናዝ ስልኩ የሚመልሰውን ጥያቄ እኮ ነው የጠየቅነው! ስልኩ የማይመልሰውን ብንጠይቅስ?

የአገራችን ሰው «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል። ሰፊ ርዕስ የያዘ ተማሪ እንደዚያ ነው። ሁሉ ያምረዋል፣ ምንም ሳይገዛ ይመለሳል። ምሳሌ ልስጣችሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በ2015 ሲወጣ ታስታውሳላችሁ። ወደ 900,000 የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኛ መምህራን ያን ሰሞን እንዴት እንዳዘንን እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ግማሹ ክፍል «ተማሪዎች ለምን ወደቁ?» የሚል ርዕስ ይዞ መጣ። ልባቸው ተነክቷል፣ ጥሩ ነው። ግን ርዕሱ የአንድ አገር ርዕስ ነው። የ15 ዓመት ልጅ በሁለት ገጽ ምን ሊለው ይችላል? «የመምህራን ጥራት ማነስ፣ የተማሪዎች ስንፍና፣ የወላጅ ክትትል ማነስ» ብሎ ይዘረዝራል። ምን አየህ? ብለን ብንጠይቀው መልስ የለውም።

አንዱን ልጅ ለብቻው ጠራሁትና «ክፍላችሁ ውስጥ የሒሳብ የቤት ሥራ የማይሠራ ስንት ነው?» አልኩት። ቆጠረ። «ከ58ቱ 30 ያህሉ አይሠሩም» አለኝ። «ለምን?» «አላውቅም።» «እነሱን ጠይቃቸው።» በሳምንቱ መጣ። ፊቱ ተለውጧል። «ቲቸር፣ ሰነፎች መስለውኝ ነበር» አለኝ። «11ዱ መጽሐፍ የላቸውም። ጥያቄውን ከሰሌዳ ገልብጠው ሳይጨርሱ ይጠፋባቸዋል።» ይህ ልጅ አሁን ርዕስ አለው። መጽሐፍ የሌለው ተማሪ የቤት ሥራ ለምን እንደማይሠራ ይጽፋል። ትንሽ ርዕስ ናት። ግን የእሱ ናት። ራሱ ቆጥሯታል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ገብቻለሁ ማለት ነው። ጥሩ ርዕስ የት ይገኛል? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ከመንስኤው አትጀምሩ። ተማሪው በዓይኑ ካየው ውጤት ጀምሩ። ውጤቱ ቅርብ ነው፤ ይታያል፣ ይነካል፣ ይሸታል። መንስኤው ሩቅ ነው። ድርሰቱ ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ሩቁ የሚደረግ ጉዞ ነው።

የባቄላዋን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ በእግሯ ነው የምትመላለሰው። ርዕስ አምጡ ስል «የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤና ውጤት» ብላ መጣች። «በአየር ንብረት ለውጥ እናንተ ቤት ምን ሆነ?» አልኳት። ዝም አለች። ደብረ ብርሃንን ታውቋታላችሁ። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ቆየችና ቀስ ብላ «ዘንድሮ ባቄላችንን ውርጭ መታው» አለች።

«የጎረቤቶቻችሁንስ?»

«የእነሱን ብዙም አልነካውም።»

እኔም እሷም ዝም አልን። ከዚያ ራሷ «ቲቸር፣ የእኛን ብቻ ግን ለምን?» አለች።

ጥያቄው ይኸው ነው! የእኛን ብቻ ለምን? «ርዕስሽ እሱ ነው» አልኳት። «እሱማ ርዕስ አይሆንም» አለች። ባቄላ ርዕስ አይሆንም ብላ ነው የምታምን። ይህን ማን አስተማራት? እኛ። ርዕስ ማለት ትልቅ ቃል ማለት ነው ብለን ያስተማርን እኛ ነን።

ሄደች፤ አባቷን ጠየቀች። አባትየው «የእኛ መሬት ረባዳ ነው፣ ብርድ ይተኛበታል» አሏት። ብርድ ይተኛበታል! ይህን አባባል ድርሰቷ ላይ ሳነበው እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነው የደገምኩት። የጎረቤትየው ማሳ ዳገቱ ላይ ነው። ቀጥላ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠየቀች። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ እንደሚከብድ፣ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው እንደሚወርድና እዚያ እንደሚከማች ነገራት። አያቷ ደግሞ «ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፤ ደመና ያለ ሌሊት አይወርድም» አሏት። አያትየው ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። ግን ልክ ናቸው። ደመናው እንደ ጋቢ ነው፤ ምድሪቱ ቀን የያዘችውን ሙቀት ቶሎ እንዳትለቅ ያለብሳታል።

እዚህ ላይ ድርሰቱ አልቋል ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን አልበቃትም። ከእነሱ ማሳ ጎን ሌላ ረባዳ ማሳ አለ። የዚያኛው ባቄላ ያን ያህል አልተጎዳም። ለምን? ድጋሚ አባቷን ያዘች። አባትየው መጀመሪያ መናገር አልፈለጉም። በኋላ ተናገሩ። አንድ በሬ ነው ያላቸው። የሚያርሱት ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ነው። ባለ ሁለት በሬው ጊዜው እንደደረሰ ዘራ። እነሱ ተራ ጠብቀው ሲዘሩ ሁለት ሳምንት ዘገዩ። ውርጩ ሲመጣ የዚያኛው ባቄላ ፍሬው ጠንክሯል። የእነሱ ገና እሸት ነበር፤ ከፊሉም አበባ ላይ ነው።

የድርሰቷ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሁለት በሬ ቢኖረን ኖሮ ባቄላችን ውርጩን ይቀድመው ነበር።»

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህች ልጅ ስለ ድህነት ጽፋለች። «ድህነት» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አልተጠቀመችም። ግን ስለ ድህነት ካረምኳቸው በመቶ ከሚቆጠሩ ድርሰቶች አንዱም እንደሷ አልነገረኝም። ከ«ድህነት» ብትነሳ ኖሮ ባቄላው ጋ አትደርስም ነበር። ከባቄላው ስለተነሳች ድህነት ጋ ደረሰች። ለዚህ ነው ከትንሹ ተነሱ የምለው። ትልቁ ነገር አይቀርም፤ መንገዱን ጠብቆ ራሱ ይመጣል።

ልብ ካላችሁ ልጅቷን የረዳት ማነጻጸሩ ነው። የእኛን ለምን? የእነሱን ለምን አይደለም? ለምን ዘንድሮ? አምና ለምን አልሆነም? ተማሪ ርዕስ አጥቶ ሲቀመጥ ይህን ጠይቁት። ሁለት ሱቅ ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ደንበኛ አለው፣ አንዱ ዝንብ ያባርራል፤ ለምን? ሁለት ቦኖ ውሃ አለ፤ አንዱ ጋ ሰልፍ አለ፣ አንዱ ጋ የለም፤ ለምን? ልዩነት ባለበት ሁሉ የተደበቀ ምክንያት አለ። ሰፈራቸው በዚህ የተሞላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይተኛም። ቅርብ ርዕስ ጥሩ ነው ብያለሁ። በጣም ቅርብ የሆነ ርዕስ ግን ቁስል ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ወንድሙ ለምን እንደተሰደደ ጻፈ። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ሊገባ የሄደ ወንድም ነው። ድርሰቱ እጅግ ጥሩ ነበር። እኔ ደስ አለኝና ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ላሞግሰው ብዬ ነው። ልጁ አንገቱን ደፋ። በማግሥቱ አልመጣም። ሦስት ቀን ቀረ። ወንድሙ ድምፁ ከጠፋ አራት ወር ሆኖት ነበር፤ ክፍሉ አያውቅም፣ ጓደኞቹ አያውቁም፤ በእኔ አፍ አወቁ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ ለክፍሉ ሁሉ «የማታወሩት ነገር ካለ አትጻፉት፣ ጽፋችሁት ለእኔ ብቻ እንዲሆን የምትፈልጉ ካላችሁ ጥግ ላይ ምልክት አድርጉ» እላለሁ። ደግሞም ሳላስፈቅድ የማንንም ድርሰት አላነብም። የባቄላዋንም ልጅ ታሪክ የምነግራችሁ አስፈቅጄ ነው።

ወደ ሦስተኛው። ርዕሱ ተገኘ እንበል። ድርሰት ይወጣዋል ወይ? በምን እንፈትሸዋለን? እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ መሣሪያ ሰጥቶናል። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ቶሎ ተጠቀሙበት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስሙ። «በልቶ ታመመ።» ምን ማለት ነው? በላ፣ ከዚያ ታመመ ማለት ነው? ወይስ ስለበላ ታመመ ማለት ነው? ሁለቱም ይሆናል! «በልቶ» የሚለው ቃል ቅደም ተከተሉን ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን ለሰሚው ይተወዋል። በወሬ ላይ ችግር የለውም። በድርሰት ላይ ግን ተማሪው እዚያ ውስጥ ይደበቃል። «ስልክ ተገዝቶለት ውጤቱ ቀነሰ» ብሎ ይጽፋል። አንባቢው ስልኩ ነው ያበላሸው ብሎ ይቀበላል። ተማሪው ግን ይህን አላረጋገጠም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። «በልቶ» የሚለውን «ስለበላ» በለው እላለሁ። «ስልክ ስለተገዛለት ውጤቱ ቀነሰ።» አሁን አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ይደፍራል? ከደፈረ ቀጥዬ «ባይ… ኖሮ» አምጣ እላለሁ። «ስልክ ባይገዛለት ኖሮ ውጤቱ አይቀንስም ነበር።» እውነት ነው? እዚህ ላይ ተማሪው ጭንቅላቱን ያካል። ያ ልጅ በዚያው ዓመት 8ኛ ክፍል ጨርሶ 9ኛ ገብቷል። በአንድ ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖበታል። ትምህርት ቤቱም ርቆበታል። ታዲያ ስልኩ ነው ወይስ ይህ? «ባይ… ኖሮ» የሚለውን ፈተና ያለፈ ርዕስ ጥሩ ርዕስ ነው። ያላለፈ ደግሞ የባሰ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሌላ መንስኤ እንድንፈልግ ያስገድደናል። ፈተናውን መሞከር የማይቻልበት ርዕስ ነው የማይረባው። «ግሎባላይዜሽን ባይኖር ኖሮ» ብሎ ማን ይጨርሰዋል?

ሌላም መሣሪያ አለን። ደረቀ፣ አደረቀ። ወደቀ፣ ጣለ። በላ፣ አበላ፣ አስበላ። ግሡ ውስጥ አድራጊና አስደራጊ አሉ። ተማሪ «ሐይቁ ደረቀ» ብሎ ሲያቆም «ማን አደረቀው?» በሉት። ምሥራቅ ሐረርጌ ያለውን የሐረማያን ሐይቅ እንውሰድ። የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከእሱ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ማን አደረቀው? ከተሞቹ ሲያድጉ የሚቀዳው ውሃ በዛ። ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር እየሳበ ያጠጣ ነበር። ከተራቆተው ተራራ ደለል እየወረደ ሞላው። አንድ አድራጊ የለም፤ ብዙ ናቸው። ተማሪው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ በደንብ ቢጽፍ ይሻላል ወይስ ሁሉንም ቢነካካ? እኔ አንዱን እላለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ሌላ ውጤት፣ ሌላ ጥያቄ። ማን መለሰው? እዚያ አካባቢ የምታስተምሩ ካላችሁ ይህን ርዕስ ለማንም አትስጡ፤ ለተማሪዎቻችሁ ጠብቁት። ዳር ቆመው ያዩት እነሱ ናቸው።

መንስኤና ቆስቋሽ ይለያያሉ። ይህንንም ልጆቹ በቀላሉ ይገባቸዋል፣ «ክብሪቱ የቱ ነው? ጭዱስ?» ካላችኋቸው። ሁልጊዜ የማነሳው የአድዋን ነው። ተማሪ ሁሉ የጦርነቱ መንስኤ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው ይላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ንጉሡ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። እኛ የቋንቋ መምህራን ይህን ስናስተምር ልባችን ይሞቃል፤ አንድ ግሥ ነው እኮ! ግን ግሡ ክብሪት ነው። ጭዱ የተከመረው ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በ1877 ነበር፤ የአውሮፓ መንግሥታትም አፍሪካን ለመቀራመት በርሊን ላይ የተሰበሰቡት በዚያው ሰሞን ነው። ክብሪቱ ባይጫር ጭዱ ሌላ እሳት አያገኝም ነበር? ይህን ጥያቄ ለ11ኛ ክፍል ጣሉላቸውና ዳር ቆማችሁ አዳምጡ።

ሰንሰለት የሆነ ርዕስም አለ፤ አንዱ ውጤት ለሚቀጥለው መንስኤ የሚሆንበት። ለዚህ «ክፉ ቀን» ከተባለው ታላቅ ረሃብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1880 ገደማ በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ስሙን ተመልከቱ፣ ደስታ! የአገሪቱ ከብት ከሞላ ጎደል አለቀ። በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ። ዝናቡም ከዳ፤ አንበጣና ተምቹ የተረፈውን በላ። እህል ጠፋ። ሰው ተራበ። የተራበ ሰው በሽታ አይችልም፤ ፈንጣጣውና ኮሌራው ጨረሰው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ይነገራል። በሬ የሌለው ገበሬ በእጁ እንዲቆፍር ነው። ይህን ታሪክ ስናገር የባቄላዋ ልጅ ከኋላ ወንበር ቀና ብላ አየችኝ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ያ ጥቅምት ነበር፤ ድርሰቷን አስረክባኝ ገና ሳምንት አልሞላም።

ከዚህ ሰንሰለት ለተማሪ የማሳየው አንድ ነገር ነው። አንድም ቀለበት አልተዘለለም። ከበሽታው ተነስቶ ዘሎ ረሃቡ ጋ የሚደርስ ድርሰት በሬዎቹን ረስቷል። በሁለት ገጽ ሦስት ቀለበት ይበቃል፤ ሦስቱም ግን ይታዩ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ በአንድ እንዴት ላወራ?» እያላችሁ ነው። ትክክል ናችሁ። እኔም 60ዎቹን ለየብቻ አላናግርም። ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱ በዚህ ሳምንት ያየውን አንድ ነገር ይናገራል። ሌላው ሦስት ጊዜ ብቻ «ለምን?» ይላል። ሦስተኛው «ለምን?» ላይ «አላውቅም» ካለ ርዕስ ተገኘ። ሦስቱንም ወዲያው ከመለሰ ርዕሱን ይቀይር፤ የሚያውቀውን ነው፣ የሚፈልገው የለም። ከዚያ «ማንን ብትጠይቅ ያውቃል?» ይለዋል። ስም ካወጣ፣ ማለትም እናቴ፣ ባለ ወፍጮው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የጋሪ ነጂው ካለ፣ ርዕሱ ሊጻፍ ይችላል። «ኢንተርኔት» ካለ ገና ነው። ይህ ሁሉ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ያ ግማሽ ክፍለ ጊዜ በኋላ እርማት ላይ ይመለስላችኋል። 60 የተለያየ ድርሰት ማረም 60 አንድ ዓይነት ድርሰት ከማረም ይቀላል፤ ሰው የማያውቀውን ሲያነብ አይደክመውም።

ማርክም አለ። ለርዕሱ ማርክ ስጡ። ከ10 ሁለቱን፣ ሦስቱን። እኛ ማርክ የማንሰጥበትን ነገር ተማሪ አይደክምበትም።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ይልቅ አብረን እንሞክረው። ወረቀት አውጡ፣ ያላወጣችሁ ከጎረቤታችሁ ተዋሱ። ዛሬ ጠዋት ከቤታችሁ እስከዚህ አዳራሽ ስትመጡ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። አንድ ብቻ። የተዘጋ ሱቅ ይሁን፣ ከወትሮው የረዘመ የታክሲ ሰልፍ ይሁን፣ ጎረቤታችሁ ደጅ የደረቀ ዛፍ ይሁን። ጻፋችሁ? አሁን ወረቀቱን አጠገባችሁ ላለው ሰው ስጡት። የተቀበላችሁ ሰዎች፣ ቀና በሉና ባለቤቱን ጠይቁት፦ ለምን እዚያ? ለምን ዛሬ? አምስት ደቂቃ አላችሁ። ጀምሩ።